ዐፄ ሠርፀ ድንግልና የእናርያ ጥምቀት

በልቡ ያመነ ሰው በውሃ ባይጠመቅ ምን ይጐድልበታል የሚል ጥያቄ በየዘመኑ ይነሣል። መምህራነ ቤተ ክርስቲያን ይህን በትርጓሜ መልሰውታል። እኛ ግን ዛሬ ጅማ፥ ሊሙና አጋሮ በሚባሉት የቡና አገሮች አካባቢ በቀድሞ ዘመን ከተፈጸመ አንድ ሥራ ተነሥተን፥ ነገሩን በዐፄ ሠርፀ ድንግል የሕይወት ታሪክ ልንመረምረው ወደድን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በስመ መንግሥታቸው መለክ ሰገድ የተባሉት ዐፄ ሠርፀ ድንግል የዐፄ ሚናስ ልጅ፥ የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ናቸው። ከ1529 ጀምሮ በተነሣው በኢማም አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ከምእመናንም ብዙዎቹ በግድ ሃይማኖታቸውን ለወጡ። አባታቸው ሚናስም ገና ልዑል ሳሉ ተማርከው ወደ የመን ተልከው ነበር፤ በኋላ በምርኮኛ ልውውጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንግዲህ ንጉሡ የተወለዱት ክርስትና ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከሚያውቅ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያን ክዶ የተመለሰውን ሰው በንስሐና በመጽሐፈ ቄድር ጸሎት ትቀበለዋለች እንጂ ዳግመኛ አታጠምቀውም። ሰው በሥጋ ሁለት ጊዜ እንደማይወለድ በመንፈስም ሁለት ጊዜ አይወለድምና።

አባታቸው በ1563 ሲያርፉ ሠርፀ ድንግል ገና በልጅነት ዕድሜ ነገሡ። ወዲያው ዘመዳቸው ሐማልማል ዐመፀባቸው፤ ቈይቶም ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ ከቱርኮች ጋር ተባብሮ ተነሣ። በ1570ዎቹ መጨረሻ ይህን ጠላት በትግሬ ድል አድርገው በአክሱም የንግሥ ሥርዐታቸውን ፈጸሙ። በእንፍራዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብም የእርሳቸው መታሰቢያ ነው።

በዚያ ዘመን ከግቤ ወንዝ ማዶ እናርያ የሚባል በወርቁ የታወቀ መንግሥት ነበረ። ለኢትዮጵያ ነገሥታትም ግብር ይገብር ነበር። በ1588 ዐፄ ሠርፀ ድንግል ወደዚያ አገር ወረዱ፤ የእናርያው ንጉሥ ባዳንቾም ተጠመቁ፤ ዐፄውም የክርስትና አባት ሆኑላቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። መንግሥት የሚፈልገው ግብርና ታዛዥነት ብቻ ቢሆን ወርቁ ይበቃ ነበር። የልብ እምነት ብቻውን የሚበቃ ቢሆንም ባዳንቾ አምኛለሁ ብለው በተመለሱ ነበር። ነገር ግን ጌታችን ለኒቆዲሞስ ከውሃና ከመንፈስ ያልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት እንደማይገባ አስተምሮታልና ወደ ውሃው መውረድ አስፈለጋቸው። ቆርኔሌዎስም ከቤተ ሰቡ ጋር መንፈስ ቅዱስን አስቀድሞ ሲቀበል ቅዱስ ጴጥሮስ እንግዲህ ውሃ አያስፈልግም አላለም፤ ይልቁንም እንዲጠመቁ አዘዘ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም በመንገድ ውሃ ባየ ጊዜ ጥምቀቱን ለነገ አላቈየውም።

ስለ ፈያታዊ ዘየማንና ሳይጠመቁ በሰማዕትነት ስላለፉት የሚጠይቅ ይኖራል። እነርሱ ውሃውን ያጡ ናቸው እንጂ ውሃውን የናቁ አይደሉም። ጌታ ለወንበዴው በመስቀል ላይ ምሕረት ሰጠው፤ ለሰማዕታትም ደማቸው ጥምቀት ሆነላቸው። ለተቸገረ የተሰጠ ቸርነት፥ ውሃው በደጁ ሳለ ለሚቸልል ሰው ምክንያት አይሆነውም።

ሌላም ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ንጉሥ ከነሠራዊቱ በቆመበት አገር የሚፈጸም ጥምቀት ከልብ ነውን የሚል ነው። የባዳንቾን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። ለእኛ ግን የሲሞን መሠርይ ነገር ትምህርት ይሆነናል። እርሱ በውሃ ተጠምቆ ሳለ ልቡ ስላልቀና ከጸጋው ዕድል ፈንታ አላገኘም። ስለዚህ ያለ ጥምቀት መዳን እንደሌለ ሁሉ፥ ያለ እምነት የተቀበሉት ጥምቀትም አይጠቅምም። የክርስትና አባት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ የተወለደውን በሃይማኖት ሊያሳድግ ቃል ገብቷልና።

ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1597 ዐረፉ፤ በጣና ሐይቅ በሬማ ደሴት በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ከዚያ በኋላ በመንግሥቱ ላይ የወራሾች ጠብ ተነሣ፤ እናርያም በሩቅ የቀረች ልጅ ሆነች። ቈይቶ የሊሙ ኦሮሞ አገሩን ያዙ፤ የእናርያ ገዥዎችም ጎጀብን ተሻግረው ወደ ካፋ ሸሹ። በ19ኛው መቶ ዓመት የሊሙ እናርያ ነገሥታት እስላሞች ነበሩ። በካፋ ግን ካህናትና መጻሕፍት ባነሱበት ዘመን እንኳ የክርስትና ርዝራዥ ጠፍቶ አልጠፋም። እንግዲህ ጥምቀት ልደት ነው፤ ትምህርትና ቅዱስ ቍርባን ደግሞ ምግብ ናቸው። ወልዶ የሚተው ወላጅ ይወቀሳል፤ ነገር ግን ያልተወለደን ማሳደግ ከቶ አይቻልም።

ዛሬ በጅማ፥ በአጋሮና በሊሙ የምትኖሩ ምእመናን፥ ወንድ ልጅ በ40 ሴት ልጅ በ80 ቀን እንዲጠመቁ የተሠራውን ሥርዐት ታውቃላችሁ። ቡናው እስኪለቀም፥ ገንዘቡ እስኪገባና ድግሱ እስኪሰናዳ ብሎ የልጁን ጥምቀት የሚያቈይ ቢኖር፥ ድግሱ ሊቀር ይችላል፤ ልደቱ ግን አይቅር። ከአጠመቃችሁም በኋላ አስተምሩ፤ የክርስትና ልጅ ያላችሁም ልጃችሁን ጠይቁ፥ ጎብኙም። በእናርያ የተዘራው ዘር በቂ ጠባቂ እንዳጣ አይተናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።