ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ (1886–1919)



በነስ ጺዮና አዲስ ኑሮ ለጀመራችሁ ቤተሰቦች በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ፣ ገና በልጅነታቸው ቋንቋውን ወደማያውቁት አገር የሄዱ አንድ ታላቅ ሰው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1886 በዓድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው በ1889 በመተማ ጦርነት ሞቱ። በምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ከቆዩ በኋላ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። አንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ ጀርመንኛ ተምረው በበርሊን ሕክምና አጠኑ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ለአፄ ምኒልክ በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት ሠሩ። በ1912 በታተመው «አፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ግብሩ ልክ እንዲኖረው፣ ገንዘቡ አንድ ዓይነት እንዲሆን፣ ጉምሩኩ እንዲስተካከል፣ የሃይማኖት ነጻነትም እንዲታወጅ መከሩ።

ኋላም የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ። በድሬዳዋ በኩል ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር፤ አቡጀዲና ሌላ የፋብሪካ ዕቃ ደግሞ ወደ አገር ይገባ ነበር።

ታዲያ ነጋድራስ በዚህ ንግድ ውስጥ ምን አስተዋሉ? ገበሬው ብዙ ቀን የደከመበት ምርት፣ የሠለጠነ ሠራተኛ በመሣሪያ እየታገዘ በጥቂት ጊዜ ከሚሠራው ዕቃ ጋር እንደሚለወጥ ተረዱ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ቢነግድም ድካሙን በርካሽ ይሰጣል፤ በኑሮው የሌላ ጥገኛ የሆነ አገርም ነጻነቱ አይጸናም። መድኃኒቱ ትምህርት መሆኑን ሲያስረዱ ጃፓንን በምሳሌነት አቀረቡ። ይህን ያብራሩበት «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1924 ነው። ያረፉት በ1919 ሲሆን ዕድሜያቸው ከሠላሳ ብዙም አላለፈም ነበር።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ የንግድ ሕግ በመንግሥታት መካከል ብቻ የሚሠራ አይምሰላችሁ፤ በእያንዳንዳችን ቤትም ይሠራል። ቋንቋና ሙያ የሌለው ሰው ረጅም ሰዓት ደክሞ ጥቂት ደመወዝ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ሥራ አገኘን ብላችሁ ኡልፓኑን አታቋርጡ፤ የሙያ ትምህርትም ሲገኝ ተመዝገቡ። ልጆቻችሁ ዕብራይስጡን ሲያቀላጥፉ ደስ ይበላችሁ፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ አማርኛውን አናግሯቸው። ነጋድራስ የተማሩት በጀርመንኛ ቢሆንም፣ ለወገናቸው ያወረሱትን ዕውቀት የጻፉት በአማርኛ ነው።