ዘነበወርቅ፦ ከልዕልቷ ስም እስከ ሰፈሩ መጠሪያ

በአዲስ አበባ ከተማ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ዘነበወርቅ ሰፈር መጠሪያውን ያገኘው በለጋ ዕድሜያቸው ካረፉት ከልዕልት ዘነበወርቅ ኃይለሥላሴ ነው። ስሙ በየዕለቱ ከታክሲ ረዳቶች አንደበት ቢሰማም፣ ስለ ስሙ ባለቤት የሚነገረው ግን ጥቂት ነው።

ልዕልት ዘነበወርቅ ከአባታቸው ከራስ ተፈሪ መኮንንና ከእናታቸው ከወይዘሮ መነን አስፋው በሐምሌ ወር 1909 ዓ.ም. ተወለዱ። ዓመቱ አባታቸው የዘውድ ወራሽና የመንግሥት እንደራሴ የሆኑበት ነበር። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. አባታቸው ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ልዕልቷ የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ።

በዚያን ዘመን የመሳፍንት ጋብቻ የመንግሥት ጉዳይ ነበር። የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ተወላጆች የሆኑት ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ ጉግሣ አርአያ ትግራይን ለሁለት ተካፍለው ያስተዳድሩ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሁለቱንም ቤቶች በጋብቻ ለማስተሳሰር ወሰኑ። በዚሁም መሠረት በ1924 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አስፋወሰን የራስ ሥዩምን ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤልን ሲያገቡ፣ የ14 ዓመቷ ልዕልት ዘነበወርቅ ደግሞ ለራስ ጉግሣ ልጅ ለደጃዝማች ኃይለሥላሴ ጉግሣ ተዳሩ።

ልዕልቷ ወደ መቀሌ ከሄዱ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት አረፉ። ጋብቻው የታሰበለትን ፖለቲካዊ ዓላማም አላሳካም፤ ደጃዝማች ኃይለሥላሴ ጉግሣ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገሪቱን ሲወር ለወራሪው ገብተዋል።

የልዕልቷ ስም ሕያው ሆኖ የቀረው ግን በሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካዊው ሐኪምና ሚሲዮናዊ በዶክተር ቶማስ ላምቢ አስተባባሪነት በ1920ዎቹ አጋማሽ ከከተማው ውጭ በጅማ መንገድ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ። ከየአቅጣጫው ለሕክምና የመጡ ሕሙማን በደረሰባቸው መገለል ምክንያት ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ፣ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰውና ልጆች አፍርተው መንደር መሠረቱ። መንደሩም በሆስፒታሉ ስም ተጠራ።

በ1958 ዓ.ም. ሆስፒታሉን መሠረት በማድረግ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ተሐድሶ ማዕከል በመቋቋሙ፣ ተቋሙ ከዚያ ወዲህ አለርት በሚለው አሕጽሮት ይታወቃል።

በዚሁ ጎዳና ሌላኛው ጫፍ ለታናሽ እህታቸው ለልዕልት ፀሐይም የመታሰቢያ ሆስፒታል ቆሞላቸው ነበር። በእንግሊዝ አገር በነርስነት የሠለጠኑት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ ያረፉት እርሳቸውም ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን ሆስፒታሉ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል፤ አካባቢውም በዚሁ መጠሪያ ይታወቃል።

የሁለቱ እህትማማቾች ስም ከሁለቱም ተቋማት ላይ ቢነሳም፣ ዘነበወርቅ የሚለው መጠሪያ ከነዋሪው አንደበት አልጠፋም። ስሙን ጠብቀው ያቆዩትም ከየቀያቸው ተገፍተው በዚያ ቤት የሠሩት ሕሙማንና ልጆቻቸው ናቸው።