ፖቴንሻልን የሰየመው ባለ ወፍጮ

ጎሮ፣ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ስቆም ትዝ የሚለኝ አንድ ሰው አለ፤ ጆርጅ ግሪን። እሱም እህል ፈጪ ነበር። እኛ በየፈተናው ለምንታገለው ፖቴንሻል ስም ያወጣለትም እሱ ነው።

ግሪን እ.ኤ.አ. በ1793 እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ከተማ፣ ከዳቦ ጋጋሪ ቤተሰብ ተወለደ። በስምንት ዓመቱ ትምህርት ቤት ገብቶ ከአንድ ዓመት ትንሽ ከፍ ላለ ጊዜ ብቻ ተማረና አባቱን ሊያግዝ ወጣ። አባቱ የነፋስ ወፍጮ ሲያሠራ ሥራው ወደዚያ ዞረ። ከፍተኛ ሒሳብ ያጠናው ከሥራ በተረፈችው ጊዜ፣ በአብዛኛው በራሱ ነው። በ1828 ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የጻፈውን ድርሰት አስቀድመው በተመዘገቡ 51 ያህል ገዢዎች ገንዘብ አሳተመ። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የሒሳብ ሰዎች አልነበሩምና ድርሰቱ ተረስቶ ቀረ።

ቁም ነገሩ እንዲህ ነው። የየቻርጁን ኃይል ከነአቅጣጫው መደመር አድካሚ ነው። ግሪን እነ ላፕላስና ፑዋሶን የጀመሩትን ይዞ ለየቦታው አንድ ቁጥር ሰጠ፤ ቁጥሮቹ ዝም ብለው ይደመራሉ፤ ኃይሉም ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ከሚለዋወጥበት መጠን ይገኛል።

አወራረዱ ታዲያ እንደ ቻርጆቹ አቀማመጥ ይለያያል። ለአንድ ነጥብ ቻርጅ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ፖቴንሻሉ ግማሽ ይሆናል። እኩልና ተቃራኒ ሁለት ቻርጆች ተጠጋግተው ሲቀመጡ ግን አንዱ የሌላውን ስለሚያጣፋ፣ ከሩቅ፣ በዚያው አቅጣጫ፣ ሩብ ይሆናል። ቻርጅ ያለው በጣም ረጅም ሽቦ ጋ ደግሞ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር እኩል መጠን ይቀንሳል፤ ሎጋሪዝም ነው። በጣም ሰፊ ጠፍጣፋ ገጽ ጋ በየሜትሩ እኩል ይወርዳል።

እኔ አንድ ፈተና ላይ ለአራቱም የነጥብ ቻርጁን ቀመር ጽፌ ዜሮ ተሰጥቶኛል። ቀመሩን እንጂ መደመሩን አልያዝኩም ነበር።

ግሪን በ1833፣ በ40 ዓመቱ፣ ካምብሪጅ ገባ፤ በ1841 ሞተ። ዊልያም ቶምሰን ድርሰቱን አግኝቶ ለዓለም ያስተዋወቀው ከ1845 ጀምሮ ነው። ግሪን ይህንን አላየም። እኔ ግን ዱቄቴን ተሸክሜ ስመለስ ያቺን ፈተና እንደገና ለመሥራት ልቤ ይነሳል፤ ዘንድሮ ከመደመሩ ጀምሬያለሁ።