የጆሮን መግል እስከ አንጎል የተከተለው ሐኪም

የሚፈስስ ጆሮ እንደ ቀላል ነገር ተቆጥሮ የሚናቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ነገር ግን መካከለኛውን ጆሮ ከአንጎል የሚለየው ዐጥንት እጅግ ስስ ነው። መግሉ ይህን ዐጥንት በልቶ ያለፈ እንደ ሆነ በአንጎል ውስጥ ይቋጥራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ የደረሰበት ሰው ከሞት የሚተርፈው ከስንት አንድ ነበር። ይህን ፍርድ ከለወጡት ሰዎች ዋናው የስኮትላንዱ ሐኪም ዊልያም ማክዩዋን ነው።

ማክዩዋን በ1848 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቢዩት ደሴት በሮትሲ ከተማ ተወለደ። በግላስጎ ሕክምና ሲማር፥ ቁስል የሚመግለው በጀርም ምክንያት መሆኑን ያስተማረው የጆሴፍ ሊስተር ተማሪ ነበር። በ1869 ተመረቀ።

በ1876 አንድ የ11 ዓመት ልጅ ግንባሩ ቆስሎ ከቈየ በኋላ ያንቀጠቅጠው ጀመር፤ መናገርም ተሳነው። ማክዩዋን ምልክቶቹን አንድ በአንድ አይቶ፥ መግሉ ያለው ንግግርን በሚያዝዘው በግራው የአንጎል ክፍል ነው ሲል ወሰነ፤ የራስ ቅሉን ከፍቶ ለማውጣትም ፈቃድ ጠየቀ። ፈቃዱ ተከለከለ፤ ልጁም ሞተ። ከሞተ በኋላ ማክዩዋን እንዲከፍት ተፈቀደለትና መግሉን ባለው ስፍራ አገኘው። ዕውቀቱ ትክክል ነበር፤ ፈቃዱ ግን ዘገየ።

እርሱ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በጆሮ መግል ምክንያት የሚመጣውን የአንጎል ሕመም ለብዙ ዓመታት አጠና። ራስ ምታት፥ ማስመለስ፥ የልብ ትርታ መዘግየትና መፍዘዝ የሚሰጡትን ትርጉም መዘገበ። ከጆሮ ቀዳዳ በላይና በስተኋላ ያለችውን፥ ሐኪሙ ወደ ውስጥ የሚገባባትን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ስፍራ ለይቶ አመለከተ፤ እርስዋም እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። መግሉን ከአንጎል ማፍሰስ ብቻ እንደማይበቃና ምንጩ የሆነው የጆሮ ዐጥንት አብሮ መጽዳት እንዳለበት አስተማረ።

በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ፥ የአንጎል መግል ይዟቸው በቀዶ ሕክምና ከረዳቸው 19 በሽተኞች 18ቱ መዳናቸውን አስታወቀ። ያን ጊዜ ፔኒሲሊን አልነበረም፤ የኤክስሬይ ጨረር እንኳ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መሪው የበሽተኛው ምልክትና የአካል አሠራር ዕውቀት ብቻ ነበር።

ማክዩዋን በ1892 በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1902 የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው፤ በ1924 ዐረፈ። ዛሬ የጀርም መድኃኒትና የራስ ቅልን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ሥራውን አቅልለውታል፤ መግሉን ማውጣትና ምንጩን ማድረቅ የሚለው መንገድ ግን አልተለወጠም።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሰው የምንማረው ድፍረትን ብቻ አይደለም። ድፍረቱ የቆመው በትዕግሥት በተገኘ ዕውቀት ላይ ነበር። ደግሞም ጆሮው የሚፈስስ ወንድም ወይም እኅት ያለን፥ ነገ ይደርቃል ብለን ሳንቀመጥ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም እንውሰድ።