ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የደብረ ብርሃን ብርሃን

ልጆች ሆይ፥ በበጋ ወራት በአጣዬ ማታ ከቤት ወጥቶ ሰማይን የሚመለከት ሰው አንዳንድ ጊዜ ኮከብ ከስፍራው ተነቅሎ እሳት እየመሰለ ሲወረወር ያያል። ኮከቡም ዐይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ እንኳ ሳይቈይ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ በደጅ የተቀመጡት ሁሉ መነጋገር ይጀምራሉ። አንዱ ታላቅ ሰው ሞተ ይላል፤ ሁለተኛው ዘመን ሊለወጥ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ይፈራል። ያዩት ብርሃን አንድ ነው፤ የሰጡት ትርጓሜ ግን ሦስት ነው።

ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ታላቅ ንጉሥ በሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ትርጓሜ ሰጡት። በዚያ ትርጓሜ ምክንያት ከተማ ተቈረቈረ፤ ከተማውም እስከ ዛሬ አለ። ይህ ከተማ ከእኛ አገር ብዙ አይርቅም። ከአጣዬ ተነሥቶ በሰንበቴና በሸዋ ሮቢት አልፎ፥ ከደብረ ሲና ጣርማ በርን የወጣ መንገደኛ የይፋትን ቈላ ከኋላው ትቶ ብርድ ወደሚበረታበት ደጋ ይደርሳል። በዚያም ደጋ ደብረ ብርሃንን ያገኛል። ትርጓሜውም የብርሃን ተራራ ማለት ነው። ከተማውን የቈረቈሩት ንጉሥ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። አሁን ሕይወታቸውን እንመልከት።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ምድር ጥልቅ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት፥ እናታቸው እቴጌ እግዚእ ክብራ ይባላሉ። በልጅነታቸው በገዳም ከመነኰሳት ዘንድ እንደ ተማሩ ይተረካል። በኋላም እንደ ሌሎቹ የነገሥታት ልጆች በአምባ ግሼን ተቀመጡ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች ስለ ዙፋን እርስ በርሳቸው እንዳይዋጉ፥ ዙሪያው ገደል በሆነው በዚያ አምባ ላይ በጠባቂ ይኖሩ ነበር። መውጣት የተፈቀደለት ሊነግሥ የተጠራው ብቻ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብም በ1426 ዓ.ም. ተጠርተው ከአምባው ወረዱና ነገሡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ አክሱም ሄደው በአባቶች ሥርዐት ዘውድ ደፉ። የመንግሥት ስማቸውም ቈስጠንጢኖስ ተባለ።

ንጉሡ መጽሐፍ ወዳድ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ የሚባሉት መጻሕፍት በስማቸው ይጠራሉ። በጦርነትም ብርቱ ነበሩ። በ1438 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን በጎሚት ከአዳል ሱልጣን ከበድላይ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ በድላይም በዚያ ወደቀ።

ከሥራቸው ሁሉ ግን ለጥበባቸው የሚበልጥ ምስክር የሚሆነው በደብረ ምጥማቅ ያደረጉት ነው። በዚያ ዘመን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜንም እንደ እሑድ እናከብራለን ስላሉ ከሌሎቹ ካህናት ተለይተው ብዙ ዘመን ተሰደው ነበር። ንጉሡም በ1442 ዓ.ም. ገደማ በተጕለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ክርክሩ ተሰማ፤ ሁለቱም ቀኖች እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የተለያዩትም ታረቁ። ያን ጊዜ ያለ በትርና ያለ ድንጋይ፥ በመስማት ብቻ፥ የብዙ ዘመን ጠብ አለቀ።

ነገር ግን ልጆች ሆይ፥ አንድ ሰው ሁልጊዜ አንድ ዐይነት አይደለም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጣዖትንና ጥንቈላን ከአገራቸው ለማጥፋት ሲተጉ ሰውን ሁሉ መጠርጠር ጀመሩ። ሐሰተኞችም ይህን አይተው ጠላቶቻቸውን በውሸት ይከሱ ነበር። የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ተከሰው በጽኑ ተገረፉ፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ።

በዚያ ዘመን ደግሞ የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት የሚባሉ መነኰሳት ነበሩ። እነርሱም በእጃቸው ሥራ የሚኖሩ፥ በጾምና በጸሎት የሚተጉ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለንጉሡም፥ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕልም አንሰግድም አሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በእነዚህ ላይ እጅግ ተቈጡ። በደብረ ምጥማቅ እንዳደረጉት አላደረጉም። በ1446 ዓ.ም. ገደማ የካቲት 2 ቀን እነዚህ ሰዎች በድንጋይ ተወግረው እንዲሞቱ ሆነ።

ከዚህም በኋላ 38 ቀን ሲሆን፥ መጋቢት 10 ቀን፥ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ይህም በንጉሡ ዜና መዋዕል ተጽፏል። ንጉሡም ብርሃኑን ባዩ ጊዜ እግዚአብሔር በመነኰሳቱ ላይ የተደረገውን ፍርድ እንደ ወደደ የሚያሳይ ምልክት አድርገው ተረጐሙት። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ አዘዙ፤ ስፍራውንም ደብረ ብርሃን አሉት። ቤተ መንግሥትም ሠሩ። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት በድንኳን ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወሩ ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ግን ከቀረው 14 ዓመት ዘመናቸው 12ቱን በደብረ ብርሃን ተቀመጡ። በኋላም ቸነፈር በአገር ላይ በመጣ ጊዜ በዚያው ሁለተኛ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ቂርቆስ ስም አሠሩ።

እንግዲህ ያ ብርሃን ምን ነበር? ስለዚህ ነገር የታሪክ ሰዎች ተከራክረዋል። ክርክራቸውንም ለመረዳት በሰማይ ላይ በድንገት የሚታዩትን ብርሃናት ለይተን ማወቅ ያስፈልገናል።

አንደኛው ጅራታም ኮከብ ነው። ጅራታም ኮከብ ከበረዶና ከትቢያ የተሠራ ሲሆን፥ ከምድር እጅግ ርቆ ፀሐይን ይዞራል። ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንናል፤ ትቢያውም እንደ ጅራት ረዝሞ ያበራል። ይህ ኮከብ አይወረወርም፤ ሌሊት ሌሊት ስፍራውን በጥቂቱ እየለወጠ ለብዙ ሳምንት ይታያል።

ሁለተኛው ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ስሙ ኮከብ ይባል እንጂ ኮከብ አይደለም። ብዙ ጊዜ መጠኑ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከጠጠር አይበልጥም። በአንድ ሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ ወደ ምድር አየር ይገባል። ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ ከፍጥነቱ የተነሣ ግሎ ይበራና ያልቃል። ድንጋዩ ተለቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ብርሃኑ ከኮከብ ሁሉ ይበልጣል፤ ሌሊቱን እንደ ቀን ያደርገዋል። ይህም የእሳት ኳስ ይባላል። ብርሃኑ ከጠፋ ከደቂቃዎች በኋላ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ ድምፅ ከብርሃን ይልቅ ዘገምተኛ ነውና። አንዳንድ ጊዜም ከድንጋዩ የተረፈው በምድር ላይ ይወድቃል።

ድንጋይ ከሰማይ ይወድቃል የሚለውን ነገር ሊቃውንት ራሳቸው ብዙ ዘመን አላመኑትም ነበር። ገበሬ ድንጋይ ሲወድቅ አየሁ ቢል ይስቁበት ነበር። አንዳንዶች መብረቅ የመታው የምድር ድንጋይ ነው አሉ፤ ሌሎች እሳተ ገሞራ የወረወረው ነው አሉ፤ ከጨረቃ የመጣ ነው ያሉም ነበሩ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1794 ኤርንስት ክላድኒ የሚባል ጀርመናዊ፥ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከምድር ውጭ ካለው ሰፊ ጠፈር እንደሚመጣ በመጽሐፍ ጻፈ። ብዙዎችም ተቃወሙት። ነገር ግን በ1803 በፈረንሳይ አገር ላይግል በሚባል ከተማ አጠገብ 3,000 ያህል ድንጋዮች በአንድ ቀን ከሰማይ ወደቁ። ዣን ባቲስት ቢዮ የሚባል ሊቅ ተልኮ ከመንደር ወደ መንደር እየሄደ ያዩትን ሰዎች ጠየቀ፤ ድንጋዮቹንም መረመረ። ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ የገበሬዎቹ ቃል እውነት እንደ ሆነ አመኑ። ከእነዚህ ድንጋዮች የሚበዙት ማርስና ጁፒተር በሚባሉት ፕላኔቶች መካከል ከሚዞሩት ዐለቶች እንደሚመጡ ዛሬ ታውቋል። በአገራችንም በ1973 ዓ.ም. በሐረርጌ በጉርሱም እንዲህ ያለ ድንጋይ ወድቆ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንመለስ። ከታሪክ ሰዎች አንዳንዶቹ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው አሉ። ይህ ኮከብ በ76 ዓመት ያህል አንድ ጊዜ ይመለሳል። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው ሊቅ ከኤድመንድ ሃሌይ ነው። ሃሌይ የቀድሞ ሰዎች የጻፉትን ቀን እያስተያየ፥ ኮከቡ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1758 እንደሚመለስ አስቀድሞ ተናገረ። እርሱ በ1742 ሞተ፤ ኮከቡ ግን በተባለው ዓመት ታየ። ይኸው ኮከብ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በ1448 ዓ.ም. መጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት የቱርክ ሠራዊት ቤልግራድ የምትባለውን ከተማ ይወጋ ስለ ነበር በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ኮከቡን የመዓት ምልክት አድርገው ፈሩት።

ሌሎች ግን ይህን አሳብ ይቃወማሉ። የሃሌይ ኮከብ በ1448 ዓ.ም. የታየው ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ድረስ ነው። ዜና መዋዕሉ ደግሞ ብርሃኑ የታየው መጋቢት 10 ቀን ነው ይላል። ወሩ አይገጥምም፤ ዓመቱም የሚቀድም ይመስላል። እንግዲያስ ሌላ ጅራታም ኮከብ ነበርን? ወይስ የእሳት ኳስ ነበር? ለብዙ ሌሊት የቈየ ብርሃን ከሆነ የእሳት ኳስ ሊሆን አይችልም፤ በቅጽበት ታይቶ የጠፋ ከሆነም ጅራታም ኮከብ ሊሆን አይችልም። ክርክሩ እስከ አሁን አላለቀም።

ልጆች ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። ዛሬ ሰዎች እንዲህ ሊከራከሩና ሊመረምሩ የቻሉት ስለ ምንድር ነው? አንድ ጸሐፊ ወሩንና ቀኑን በብራና ላይ ስለ ጻፈ ነው። የንጉሡ ትርጓሜ ሊቃውንትን አልረዳም፤ የጸሐፊው ቀን ግን ከ500 ዓመት በላይ አልፎ ዛሬም ይረዳል።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ 34 ዓመት ነግሠው በ1460 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ዐፅማቸው በጣና ሐይቅ ውስጥ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት አለ። ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም በአባታቸው ዙፋን ተቀመጡ። ንጉሡ ታላቅ ነበሩ፤ መጻሕፍታቸውና ያስታረቁት ጉባኤ እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። በመነኰሳቱና በልጆቻቸው ላይ ያደረጉት ግን ስማቸውን ያጠላበታል። የታላቅ ሰው ሕይወት የሚነገረው በጎውን እንድንከተል፥ ከክፉው እንድንርቅ ነውና ሁለቱንም መሸሸግ አይገባም።

በሰማይ የታየው ብርሃን ድምፅ አልነበረውም። መነኰሳቱ መሞታቸው መልካም ነው አላለም፤ ክፉ ነው አላለም። ትርጓሜውን የሰጠው የንጉሡ ልብ ነው። እኛም ሥራችን ትክክል ይሁን አይሁን ለማወቅ ስንሻ በሰማይ ምልክት አንፈልግ። ሥራውን ራሱን እንመርምር፤ የጐዳነው ሰው አለን? የከሰስነውን ሰው ቃል ሰምተናልን? ብለን እንጠይቅ። በደብረ ምጥማቅ ዕርቅን ያመጣው ከሰማይ የወረደ ብርሃን አልነበረም፤ የሰው ጆሮ መስማቱ ነው።

በአጣዬም ሆነ በሌላ ስፍራ ማታ የእሳት ኳስ ያየህ ልጅ ሆይ፥ አትፍራ፤ ለመተርጐምም አትቸኩል። ቀኑንና ሰዓቱን፥ ከየት ወደ የት እንደ ሄደ፥ ምን ያህል እንደ ቈየ፥ ድምፅም ተሰምቶ እንደ ሆነ በደብተርህ ጻፍ። ያላየኸውን አትጨምር፤ ያየኸውን አታጕድል። ምናልባት አንተ ካለፍህ በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ፥ ሃሌይ በቀድሞ ሰዎች ጽሕፈት እንደ ተጠቀመ፥ በጻፍኸው እውነትን ያገኝበታል።