ፒዮትር ክሮፖትኪን፦ ከሳይቤሪያ ምልከታ እስከ መልካም ማኅበረሰብ ንድፍ

መግቢያ

አናርኪዝም የሚለው ቃል በአማርኛ አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓት አልበኝነት ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ የዕለት ተዕለቱን አነጋገር ቢያንጸባርቅም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ስም የተጠራውን የፖለቲካ ፍልስፍና በትክክል አይገልጽም። ፍልስፍናው የጠየቀው ሰዎች ያለ ሥርዓት መኖር ይችሉ እንደሆነ አልነበረም፤ ሥርዓት ከገዥ ትእዛዝ ውጭ ከምን ሊመነጭ እንደሚችል ነበር። ለዚህ ጥያቄ ሰፊ መልስ ለመስጠት ከሞከሩት መካከል ሩሲያዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪና አብዮተኛ ፒዮትር ክሮፖትኪን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። የሕይወት ታሪኩ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያሳያል። በአንድ በኩል፣ ስለ መልካም ማኅበረሰብ የነበረው ሐሳብ በአብዛኛው በአካል ካያቸው ነገሮች የተነሣ ነው። በሌላ በኩል፣ ሐሳቡ በአንድ ማኅበረሰብ ውስጥ ያለውን ትብብር በሚገባ ሲያብራራ፣ በማኅበረሰቦች መካከል ለሚነሣው ጠላትነት ግን በቂ መልስ አልነበረውም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቤተ መንግሥት ወደ ሳይቤሪያ

ክሮፖትኪን በ1842 ዓ.ም. በሞስኮ ከጥንታዊ የመሳፍንት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በሦስት ክፍላተ ሀገር ሰፊ ርስትና ወደ 1200 የሚጠጉ ወንድ ገባሮች ነበሩት። እነዚህ ገበሬዎች በሕግ ከመሬቱና ከጌታው ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው፣ ያለ ጌታቸው ፈቃድ መንቀሳቀስም ሆነ ማግባት አይችሉም ነበር። እናቱ ገና ሕፃን ሳለ በመሞቷ ያሳደጉት በአብዛኛው የቤቱ አገልጋዮች ነበሩ። የገባሮቹን ችግርና የአባቱን ጭካኔ በቅርብ አይቷል፤ በልጅነቱም የልዑልነት ማዕረጉን መጠቀም ተወ።

በ1857 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ወደሚገኘው የቤተ መንግሥት ብላቴኖች የጦር ትምህርት ቤት ገባ። በትምህርቱ የላቀ ውጤት ስላስመዘገበ የንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 2ኛ የእልፍኝ ብላቴና ለመሆን በቃ። በ1861 ዓ.ም. ገባሮችን ነጻ የሚያወጣው አዋጅ ሲታወጅ ንጉሠ ነገሥቱን እንደ ጀግና ተመልክቷቸው ነበር፤ ይሁን እንጂ የቤተ መንግሥቱን አሠራር እያወቀ ሲሄድ ይህ አድናቆት ቀዘቀዘ። በ1862 ዓ.ም. ሲመረቅ የፈለገውን ክፍለ ጦር የመምረጥ መብት ነበረው። ጓደኞቹ በዋና ከተማው የሚገኙትን የክብር ዘብ ክፍሎች ሲመርጡ፣ እሱ በሩቅ ምሥራቅ የሚገኘውን የአሙር ኮሳኮች ክፍለ ጦር መረጠ።

በሳይቤሪያ ያሳለፋቸው 5 ዓመታት አስተሳሰቡን በሁለት አቅጣጫ ቀረጹት። የመጀመሪያው አስተዳደርን የሚመለከት ነው። በቺታ የወህኒ ቤቶችንና የከተማ አስተዳደርን ለማሻሻል በተቋቋሙ ኮሚቴዎች ውስጥ በጸሐፊነት ሲሠራ፣ በጥንቃቄ የተዘጋጁት ዕቅዶች ወደ ዋና ከተማው ከተላኩ በኋላ የመዝገብ ቤት ሲሳይ ሆነው ቀሩ። በአንጻሩ በአሙር ዳርቻ የሰፈሩት የዱኮቦር ሃይማኖት ተከታዮች ከመንግሥት የሚደርስላቸው ሳይኖር፣ በወንድማማችነት ማኅበራቸው ተደራጅተው ኑሯቸውን ሲያቀኑ ተመለከተ። ከዚህም በትእዛዝ የሚሠራ ሥራና በጋራ መግባባት የሚሠራ ሥራ ያላቸውን ልዩነት ተረዳ።

ሁለተኛው ሳይንስን የሚመለከት ነው። ክሮፖትኪን የዳርዊንን ሥራ አንብቦ ነበርና፣ ከሥነ እንስሳት ተመራማሪው ኢቫን ፖልያኮቭ ጋር በተጓዘበት ወቅት በአንድ ዝርያ አባላት መካከል የከረረ የህልውና ትግል ለማየት ጠብቆ ነበር። ያየው ግን ሌላ ነው። በዚያ አስቸጋሪ የአየር ንብረት ዋናው ትግል ከብርድ፣ ከበረዶ ግግርና ከጎርፍ ጋር ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ አጋዘኖች ከባዱ በረዶ ከመጣሉ በፊት ከሰፊ ግዛት ተሰባስበው የአሙርን ወንዝ በጠባቡ በኩል ሲሻገሩ መመልከቱ ከአእምሮው አልጠፋም። የዚህ ምልከታ ፍሬ ግን በጽሑፍ የወጣው ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው።

ከጂኦግራፊ ወደ አብዮት

በ1866 ዓ.ም. በባይካል ሐይቅ አካባቢ ያመፁት የፖላንድ ግዞተኞች በኃይል ሲደመሰሱ፣ ክሮፖትኪን የውትድርና ሥራውን ለመልቀቅ ወሰነ። በ1867 ዓ.ም. ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት እየተከታተለ፣ በሩሲያ የጂኦግራፊ ማኅበር ውስጥ ይሠራ ጀመር። የሰሜን እስያ ዋና ዋና የተራራ ሰንሰለቶች በጊዜው በነበሩት ካርታዎች እንደሚታየው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሳይሆን ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘረጉ መሆናቸውን ማሳየቱ በሙያው ትልቅ ስም አስገኘለት። በ1871 ዓ.ም. በፊንላንድ የበረዶ ዘመን ቅሪቶችን ሲያጠና ሳለ የማኅበሩ ጸሐፊ እንዲሆን ተጠየቀ። ለረጅም ጊዜ ሲመኘው የኖረው ሥራ ቢሆንም፣ ገበሬው የዕለት እንጀራውን ባጣበት አገር የዕውቀትን ደስታ ለብቻ ማጣጣም ተገቢ ሆኖ ስላልታየው ሹመቱን ሳይቀበል ቀረ።

በ1872 ዓ.ም. ወደ ስዊዘርላንድ ተጓዘ። በጁራ ተራሮች የሚኖሩት ሰዓት ሠሪዎች በዓለም አቀፉ የሠራተኞች ማኅበር ውስጥ የማዕከላዊ አመራርን የበላይነት የሚቃወም ፌዴሬሽን መሥርተው ነበር። በአነስተኛ ወርክሾፖች እየሠሩ ስለ ማኅበራቸው ጉዳይ በእኩልነት የሚወያዩት እነዚህ ሠራተኞች ከመሪ የሚወርድ ቃል አይጠብቁም ነበር። ክሮፖትኪን የንቅናቄውን ታላቅ ሰው ሚኻይል ባኩኒንን በአካል አላገኘውም። ወደ አናርኪዝም እንዲያዘነብል ያደረገው በዋናነት የእነዚህ ሠራተኞች አኗኗር ነው።

ወደ ሩሲያ ሲመለስ የቻይኮቭስኪ ክበብ በተባለው ሕቡዕ ቡድን ውስጥ ገብቶ፣ በሐሰት ስምና በገበሬ ልብስ ሠራተኞችን ማስተማር ጀመረ። በ1874 ዓ.ም. ተይዞ በጴጥሮስና ጳውሎስ ምሽግ ታሰረ፤ እዚያም ስለ በረዶ ዘመን ያደረገውን ጥናት እንዲጽፍ ተፈቅዶለት ነበር። ጤናው በመታወኩ ወደ ወታደራዊ ሆስፒታል በተዛወረበት በ1876 ዓ.ም. በጓደኞቹ እርዳታ አመለጠ። ቀጣዮቹ 41 ዓመታት የስደት ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. በጄኔቫ አንድ የአናርኪስቶች ጋዜጣ መሠረተ፤ በ1881 ዓ.ም. ከስዊዘርላንድ ተባረረ፤ በ1883 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ 5 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በጥር 1886 ዓ.ም. በምሕረት ተለቅቆ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

መረዳዳትና የመልካም ማኅበረሰብ ንድፍ

ክሮፖትኪን በጣም የሚታወቅባቸውን ሥራዎች ያዘጋጀው በእንግሊዝ ሳለ ነው። በ1888 ዓ.ም. ቶማስ ሃክስሊ የተፈጥሮን ዓለም የማያቋርጥ ፍልሚያ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ አወጣ። ክሮፖትኪን ለዚህ ከ1890 እስከ 1896 ዓ.ም. ተከታታይ መልሶችን ጻፈ፤ እነዚህም በ1902 ዓ.ም. መረዳዳት በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ። ለሐሳቡ መነሻ የሆነውን ንግግር በ1880 ዓ.ም. ያደረገው ሩሲያዊው የሥነ እንስሳት ሊቅ ካርል ኬስለር መሆኑን ራሱ መስክሯል። መጽሐፉ ፉክክር የለም አይልም። የሚከራከረው እርስ በርስ የሚረዳዱ ዝርያዎች የመትረፍ ዕድላቸው ከፍ ያለ በመሆኑ መረዳዳት ከዝግመተ ለውጥ ምክንያቶች አንዱ ነው በሚል ነው። ከእንስሳት ተነሥቶ ወደ መንደር ማኅበራት፣ ወደ መካከለኛው ዘመን ነጻ ከተሞችና የእደ ጥበብ ማኅበራት፣ በመጨረሻም ወደ ዘመኑ ሠራተኞች ማኅበራት ይሻገራል። በዚህ አተረጓጎም ዘመናዊው መንግሥት የትብብር ምንጭ አይደለም፤ ቀድሞ የነበሩትን የትብብር ተቋማት እያፈረሰ ሥልጣናቸውን የወሰደ ኃይል ነው።

የወደፊቱን ማኅበረሰብ ንድፍ በይበልጥ ያብራራው ግን በ1892 ዓ.ም. በፈረንሳይኛ በታተመው ዳቦን ስለ መቀዳጀት በሚናገረው መጽሐፉ ነው። መነሻው የሀብትን አመጣጥ ይመለከታል። አንድ የማዕድን ጉድጓድ ዋጋ የሚኖረው የባቡር ሐዲድ፣ ወደብ፣ ከተማና የብዙ ትውልድ ዕውቀት ስላለ ነው፤ ስለዚህ ከጋራ ምርቱ የእያንዳንዱን ሰው ድርሻ ለይቶ መመዘን አይቻልም። ከዚህ በመነሣት ክፍያ በሥራ መጠን ይሁን የሚሉትን ሶሻሊስቶች ጭምር ተቃውሞ፣ ክፍፍሉ በፍላጎት እንዲሆን ጠየቀ። ከ1871 ዓ.ም. የፓሪስ ኮምዩን የወሰደው ትምህርትም ሕዝቡን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያልመገበ አብዮት እንደማይጸና ነው። በእሱ ስሌት አዋቂዎች ከ20 ወይም 22 ዓመት ጀምሮ እስከ 45 ወይም 50 ዓመት ድረስ በቀን 5 ሰዓት ቢሠሩ የሁሉም መሠረታዊ ፍላጎት ይሟላል። ያለ ማዕከላዊ ትእዛዝ ሰፊ ሥራ ማከናወን እንደሚቻል ለማሳየትም በስምምነት የተሳሰሩትን የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶችና የእንግሊዝን የነፍስ አድን ጀልባ ማኅበር በምሳሌነት ጠቅሷል።

ጦርነትና አብዮት

በ1914 ዓ.ም. አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ክሮፖትኪን ደጋፊዎቹን ያስደነገጠ አቋም ያዘ። የጀርመንን ወታደራዊ መንግሥት የአውሮፓ ነጻነት ዋና ጠላት አድርጎ በመመልከት ከፈረንሳይና ከአጋሮቿ ጎን ቆመ። በ1916 ዓ.ም. ይህንኑ አቋም የሚገልጽ መግለጫ ከሌሎች አናርኪስቶች ጋር ፈረመ። የረጅም ጊዜ ወዳጁ ኤሪኮ ማላቴስታን ጨምሮ አብዛኞቹ የንቅናቄው አባላት ይህን መርሕን እንደ መክዳት ቈጠሩት። መንግሥታትን ሁሉ የተቃወመ ሰው አንዱን መንግሥት ከሌላው አስበልጦ እንዲታጠቅ መደገፉ፣ የትብብር ማኅበራት ከውጭ የሚመጣን ኃይል እንዴት እንደሚመክቱ ንድፈ ሐሳቡ በቂ መልስ እንዳልነበረው አጋለጠ።

የካቲት አብዮት ዛሩን ከጣለ በኋላ በ1917 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ጊዜያዊው መንግሥት ያቀረበለትን የሚኒስትርነት ሥልጣን አልተቀበለም። ቦልሼቪኮች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ከሞስኮ በስተሰሜን ወደምትገኘው ዲሚትሮቭ ከተማ ሄዶ፣ በረሃብና በብርድ መካከል የሥነ ምግባር መጽሐፉን ይጽፍና በአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሳተፍ ነበር። በ1919 ዓ.ም. ሌኒንን በአካል አግኝቶ ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከራከረ። በ1920 ዓ.ም. በጻፈለት ደብዳቤዎች ደግሞ አገሪቱን የሚገዙት ምክር ቤቶቹ ሳይሆኑ አንድ ፓርቲ መሆኑን፣ ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ አዲስ ሕይወት መገንባት እንደማይቻልና ሰዎችን በመያዣነት ማሰር ወደ ጨለማው ዘመን መመለስ መሆኑን አስጠነቀቀ። በየካቲት 8 ቀን 1921 ዓ.ም. በዲሚትሮቭ አረፈ። በሞስኮ በተከናወነው የቀብር ሥነ ሥርዓቱ ላይ እንዲገኙ ጥቂት የታሰሩ አናርኪስቶች ለአንድ ቀን ተለቅቀው ነበር። ያላለቀው የሥነ ምግባር መጽሐፉ በ1922 ዓ.ም. ታተመ።

ማጠቃለያ

የክሮፖትኪን ሕይወት በንድፈ ሐሳቡ ላይ ሁለት የተለያዩ ምስክርነቶችን ይሰጣል። ለሌኒን የጻፋቸው ማስጠንቀቂያዎች በሳይቤሪያ ከተማረው የተነሡ ናቸው፤ የአካባቢው ሰዎች ዕውቀትና ተነሣሽነት ከሌለ የማዕከል ዕቅድ የትም እንደማይደርስ በቺታ አይቶት ነበር። የ1914 ዓ.ም. አቋሙ ግን የመረዳዳትን ሌላ ገጽታ ያመለክታል። አባላቱን የሚያስተሳስር ማኅበር በዚያው ትስስር ሌላውን ሊያገልና ሊወጋ ይችላል፤ ክሮፖትኪን ያደነቃቸው የመካከለኛው ዘመን ከተሞችና የእደ ጥበብ ማኅበራትም ከዚህ ነጻ አልነበሩም። ስለዚህ በእሱ ሥራ ላይ የሚመሠረት የመልካም ማኅበረሰብ ጥናት በማኅበሩ አባላት መካከል ባለው መተጋገዝ ላይ ብቻ ሊወሰን አይችልም። ማኅበሩ አባል ያልሆነውን ሰው እንዴት እንደሚቀበልና አደጋ ሲመጣ ራሱን የሚከላከልበት ኃይል በተራው ገዥ እንዳይሆን በምን እንደሚገታው መመርመርም ይገባዋል። ክሮፖትኪን የመጀመሪያውን ክፍል በብዙ ማስረጃ አስደግፎ ትቶታል፤ ሁለተኛው ክፍል ግን ገና ምርምር ይሻል።