የልጅ ኢያሱ መቃብር የት ነው?

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ እወዳለሁ። የሕግ ተማሪ ሳለሁ ጓደኞቼ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉን ሲሸመድዱ፣ እኔ ከድሬዳዋ ከዚራ የገዛኋቸውን አሮጌ መጻሕፍት ተደብቄ አነብ ነበር። የብዙዎቹ አካሄድ አንድ ነው። ትንሽ ከተማ፣ ትልቅ በዓል፣ ከበሮና ዘፈን። ሰው ሁሉ ልቡን ጭፈራው ላይ ሲጥል አንድ ሰው ይጠፋል። በመጨረሻው ገጽ ግን መርማሪው ሁሉንም አንድ ክፍል ሰብስቦ እውነቱን ይዘረግፈዋል።

የእኛም ታሪክ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አለው፤ የመጨረሻው ገጽ ግን ተቀዷል። ባለታሪኩ ልጅ ኢያሱ ናቸው። በዓሉ የ1909 መስቀል ነው። የእኔዋ ድሬዳዋም በታሪኩ ውስጥ አለችበት።

ልጅ ኢያሱ የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል። ራስ ሚካኤል መሐመድ አሊ ተብለው ኖረው፣ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል። ምኒልክ በ1901 የልጅ ልጃቸውን አልጋ ወራሽ አደረጉ፤ ይህን ቃል የሚያፈርስ የተረገመ ይሁን ብለውም ሕዝቡን አስማሉ። እንደራሴው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ፤ ምኒልክም በ1906 አረፉ። ወጣቱ ሥልጣኑን ያዙ፤ ዘውድ ግን አልደፉም።

ጻድቅ ነበሩ እያልኩ አይደለም። በ1904 ወደ ጊሚራ ዘምተው በሺዎች የሚቆጠር ሰው በባርነት አስነድተዋል። ይህ በየትኛውም ዘመን ሚዛን ወንጀል ነው። ሲከሰሱ ግን በዚህ አልተከሰሱም።

ድሬዳዋ ያን ጊዜ ገና ልጅ ከተማ ነበረች። ባቡር የደረሰላት በታኅሣሥ 1895 ነው። ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ ከሶማሌው፣ ከኦሮሞውና ከአማራው ጋር በአንድ ገበያ ይገናኝባት ነበር። ልጅ ኢያሱ ከአዲስ አበባ መኳንንት ይልቅ የዚህ አገር ሰው ይስማማቸው ነበር። ሶርያዊው ነጋዴ ሐሲብ ይድሊቢ የቅርብ ሰዋቸው ነበር። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ተዛመዱ፤ ከሶማሌ አለቆች ጋር መከሩ። በነሐሴ 1908 ደጃዝማች ተፈሪን ከሐረር ሹመት ነቅለው ከፋን ሰጧቸው። ዓለም በጦርነት ላይ ስለነበረ ልባቸው ወደ ቱርክና ጀርመን አዘንብሏል ተባለ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በሌጋሲዮኖቻቸው በኩል ተቃውሟቸውን በአንድነት አቀረቡ። ልጅ ኢያሱ ጥምጥም ጠምጥመው የተነሡት ነው የተባለ ፎቶግራፍም ተሰራጨ። ፎቶው እውነተኛ ነው ወይስ በእጅ ጥበብ የተቀነባበረ? ክርክሩ ዛሬም አልበረደም።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ የመስቀል ዕለት። አገር በከበሮና በእንቢልታ ደምቋል። መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበዋል። ተከሳሹ ሐረርጌ ናቸው። ክሱ ሃይማኖት ለወጡ የሚል ነው። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፤ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ መንግሥት ወርዶ ሌላው ወጣ።

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፤ ጥያቄዬም የሕግ ነው። መጥሪያ ደርሷቸው ነበር? መልስ ተሰምቷል? ማስረጃው ተመርምሯል? የዳኝነት ሀሁ ሁለቱን ወገን መስማት ነው። ደግሞስ የአባታቸውን ወገን እስልምና ማወቅና መቀራረብ ሃይማኖት መለወጥ ይባላል? ዳኛው፣ ከሳሹና ወራሹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ፍርዱ ቀድሞ እንደተጻፈ ማንም ይገምታል።

ልጅ ኢያሱ ወደ አዲስ አበባ ለመዝመት ሞክረው ሚኤሶ ላይ መንገዱ ተዘጋባቸው፤ ወደ አፋር በረሃ ሸሹ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ልጅየው እስከ 1913 ተንከራተው ተያዙ። ፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ዓመታት ታሰሩ። በ1924 አመለጡ፤ አስመለጠ ተብለው የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ርስትና ነፃነታቸውን አጡ። ልጅ ኢያሱ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተይዘው ወደ ሐረርጌ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ። እነሆ፣ በወደዱት አገር እስረኛ ሆኑ።

በኅዳር 1928 ሞቱ ተባለ። የኢጣሊያ ጦር ድንበር ከተሻገረ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ጠላት ልጅ ኢያሱን ቢያገኝ ለራሱ ዓላማ ሊያነግሣቸው ይችል ነበርና፣ የሞታቸው ሰዓት ሐሜት ወለደ። በበሽታ ያለም አለ፤ ተገደሉ ያለም አለ። የአስከሬን ምርመራ ውጤት አልቀረበም። ሕዝብ አልቀበራቸውም። ለልጆቻቸውም ይኸውና መቃብሩ ተብሎ አልተነገራቸውም።

አያቴ ድሬዳዋ ደመራ ሲለኮስ ስለ እሳቸው ታወራን ነበር። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሷ ሞተዋል ብላ አታምንም ነበር። አንድ ቀን ከበረሃ ይመጣሉ ትል ነበር። በልጅነቴ እስቅባት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሞኝነት አልነበረም። መቃብሩን ያላየ ሰው እንዴት እርሙን ያወጣል?

ከዚያ ወዲህ 90 ዓመት አለፈ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ራሳቸው በ1967 እስር ላይ ሞቱ፤ አስከሬናቸው ተደብቆ ቆይቶ አጥንታቸው የተገኘው በ1984፣ በክብር የተቀበረው በ1993 ነው። የሌላውን መቃብር መሰወር ልማድ ሲሆን ተራው ለማንም አይቀርም። የልጅ ኢያሱን አጥንት መፈለግ የንጉሥ ናፍቆት አይደለም። ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት፣ ሞቶም እንዳይሰወር ነው።

ልብ ወለድ ቢሆን ኖሮ መርማሪው እስካሁን ሁሉንም ሰብስቦ በጨረሰ ነበር። የእኛ ግን መዝገቡ አልተዘጋም። የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

ቸር ይግጠመን።